ሳጥኑ የሰማው ኮቴ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አንስቼ ከቤት የምወጣ ሴት ነኝ። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ዛር ወርዶባቸው ሲያጓሩ ሌላው ልጅ ይሸሻል፣ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚያጓሩ እቆጥር ነበር፣ እናቴ «ይህችን ልጅ አንድ ቀን ይመታታል» እያለች በጆሮዬ ጎትታ ታስገባኛለች፣ የመታኝ ግን ፊዚክስ ነው። ጅኒ፣ ጠቋር፣ ምናምን ስትሉኝ ሳቄ ይመጣል። አሁን የማጫውታችሁ ነገር ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሳልጠጣ፣ ሳልታመም፣ በሕይወቴ እጅግ በተደሰትኩበት ቀን ነው የደረሰብኝ፣ እመኑኝ፣ ነገሩን የሚያባብሰው ራሱ ደስታው ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እያስተማርኩ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን እሠራለሁ፣ ጥናቴም ስለ ሁካታ ነው። ግድ የለም ሳቁ፣ ያኔም የማይስቅ አልነበረም፣ ጓደኞቼ «ሁካታማ ከፈለግሽ መርካቶ አለልሽ አይደል» ይሉኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ በሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ውስጥ፣ በሚፈስ ውሃ፣ በሚመታ ልብ፣ በሽቦ በሚሄድ ኤሌክትሪክ ውስጥ፣ ቅጥ የሌለው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚል የማይታወቅ ሹክሹክታ አለ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ስትፈልጉ በመሃል ሽሽ የሚለው እሱ ነው። የእኔ ሥራ ያንን ሁካታ መለካት፣ ከዋናው ድምፅ መለየት፣ ከዚያ አውጥቶ መጣል ነበር።

ለዚህ የሚሆን ወንዝ ፈለግሁና ራያ ቆላ ወረድኩ። ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ሰፊ ወንዝ አለ፣ ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በስተ ምዕራብ ደጋው ላይ ይዘንብና በድንገት ደራሽ ጎርፍ ይዞ ይመጣል። መሣሪያዬ ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛው አፈር ውስጥ የሚቀበር፣ ሽንኩርት የሚያህል የምድርን እንቅጥቃጤ የሚሰማ ጆሮ፣ ሁለተኛው ከጆሮው ጋር በረጅም ሽቦ የተያያዘ ሳጥን፣ ውስጡ ጥቅል ወረቀት ቀስ እያለ ይዞራል፣ ብዕሩ ደግሞ የተሰማውን ሁሉ መስመር እያደረገ ይጽፋል። በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው። አህያ በሃምሳ እርምጃ ርቀት ብታልፍ የአህያዋን እግር ይጽፍላችኋል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ኪሮስ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፊሽካ ከአንገቱ የማይለየው ሰው ነው። ሳጥኑን ሲያይ መጀመሪያ የስለላ ሬዲዮ መሰለውና የያዝኩትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ ማኅተሙን በፀሐይ ላይ አይቶ አገላበጠው። ጎርፍ የሚሰማ መሣሪያ ነው ስለው ግን ፊቱ በራ።

«ከመድረሱ በፊት ይነግረናል ማለት ነው?»

«ይነግረናል» አልኩ፣ አፌ ላይ እንደመጣልኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ጉረኛም ነበርኩ።

ይህ ቃል ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እንድታውቁልኝ የራያን ገበሬ ሥራ ልንገራችሁ። ዝናብ አይበቃውም፣ ማሽላው የሚደርሰው ደራሹን ከወንዙ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሳ በማስገባት ነው። የቦዩ አፍ በአፈርና በግራር ቅርንጫፍ ተደፍኖ ይቆያል፣ ያንን ማፍረስና ውሃውን የሚመልስ ክትር ወንዙ ላይ መሥራት ለአርባ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ውሃው ሳይመጣ ከፈረሰ መልሶ መድፈኑ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ከዘገዩ ደግሞ ደራሹ አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል፣ በዓይን ሲያዩት ይቀራል። አርባ ሰው አረሙን ጥሎ ክረምቱን ሙሉ ወንዝ ዳር አይቀመጥም። ስለዚህ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

እሱን ሰው ደግሞ ነበራቸው። አያ ሰይድ ይባላሉ፣ የውሃ አባት ናቸው፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሽማግሌ፣ እና ልብ በሉ፣ ደንቆሮ ናቸው ለማለት ትንሽ ነው የቀራቸው። ሰላም ስትሏቸው አፋችሁን አይተው ነው የሚመልሱ። ወጉ እንዲህ ነው፣ ደጋው ላይ ደመና በጠቆረ ቁጥር ወጣቱ በየተራ ከወንዙ ዳር ይመጣና ይጨፍራል፣ እሳቸው በባዶ እግራቸው ከጭፈራው መሃል ይቆማሉ፣ ሲመጣ «መጣች» ይላሉ። አባታቸውም እንዲህ ያደርጉ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፣ እንዴት ብዬ አልስቅ፣ የወንዝ ድምፅ ለመስማት ከበሮ የሚያስመታ ሰው?

እና ዛሬም የሚቆጨኝን ነገር አደረግሁ። ጓድ ኪሮስን «ከበሮና ጭፈራ መሣሪያዬን ይረብሸዋል፣ ከወንዙ አንድ ኪሎ ሜትር ድረስ ጸጥታ ይሁን» አልኩት። እሱ እቴ፣ ሲፈልገው የኖረ ይመስል፣ በስብሰባ አሳወጀው።

ጸጥታው በታወጀ በሳምንቱ አንድ ደራሽ በቀትር መጣ። ሳጥኔ ነግሮናል፣ አልዋሽም፣ ሊደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። ገበሬው አረሙን ጥሎ እየሮጠ ሲደርስ ውሃው እያሾፈበት በፊቱ አለፈ። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ማሳው ተመለሰ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። እኔ ግን አላመንኩም፣ በየት ዞሮ፣ ሳጥኑን ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ላይ አርቄ፣ ጆሮውንም አጠገቡ ከወንዙ አፋፍ ቀበርኩና «ጸጥታው ይጠንክር» አልኩ።

ነሐሴ አሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ፣ ሶለል ገባ። የቆቦን ሶለል ያላያችሁ ምን እንደቀረባችሁ አታውቁም፣ ልጃገረዱ ሁሉ ጸጉሩን ተሠርቶ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሶ፣ ከበሮ ይዞ ከቤት ቤት ሲጨፍር ቀናት የሚቆይ በዓል ነው። በእኔ ምክንያት ግን የዚያች መንደር ልጆች ሩቅ ከአውራ ጎዳናው ማዶ እንዲጨፍሩ ተደረገ። ያረፍኩባት ቤት ልጅ ሙሉ፣ የዓመቱ የሶለል ዘፈን አውጪ፣ ጠዋት ቁርሴን ስታቀርብልኝ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሳጥኔ አጠገብ ከግራር ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። ደጋው ጠቁሯል። ከጀርባዬ ማሽላው ፍሬ ሊይዝ ደርሶ ቅጠሉ በጥማት ተጠቅልሏል፣ ጓድ ኪሮስ ራሱ ያን ዕለት ጠዋት ቅጠሉን በጣቱ እየዘረጋ «ይህ ደራሽ ካመለጠን እንግዲህ ማጭድ ማውጣት አያስፈልገንም» ብሎኝ ሄዷል፣ ፊሽካውን እንኳ አልነፋም። ብዕሩ ቀጥ ያለ መስመር ይጽፋል። ምንም። ቀና ስል አያ ሰይድ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ልጃገረዶቹን ልቀቂልኝ።»

«አያ፣ ሁካታ ካለ እኮ ምንም አይሰማም» ብዬ በእጄ ጭምር አስረዳኋቸው።

«ሁካታ ከሌለማ እኔ በምኔ ልስማ?» አሉና ሳቁ፣ ሳቃቸው ውስጥ ግን ልመና ነበር። «አንችም ትማሪያለሽ፣ እኔም እስካሁን ጠብቄያለሁ፣ ማሽላው ግን አይጠብቀንም። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ተረታ። ሳይንሱ አልተረታም፣ እኔ ተረታሁ። ሄጄ ሙሉን ጠራኋት፣ ጉዳዩን ስነግራት ዘላ አቀፈችኝና ከበሮዋን ይዛ ሮጠች። ትንሽ ሳይቆዩ አሥራ አንድ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ወረዱ፣ ያንን ሁሉ ቀን የታፈነ ደስታ ተሸክመው ነው የመጡት፣ አሸዋው ድም ድም ይላል፣ እልልታው ከማሽላው በላይ ያልፋል፣ የሚያርመው ገበሬ ሁሉ አረሙን ጥሎ ሊያይ ተሰበሰበ። ጓድ ኪሮስም ሊከለክል መጣና በመሃል እጁ ሳያስበው ማጨብጨብ ጀመረ። አያ ሰይድ ጫማቸውን አውልቀው መሃል ቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እኔም አልቀረሁም፣ ሙሉ በእጄ ጎትታ አስገባችኝ። መጨፈር እችላለሁ፣ ይህን ያዙልኝ፣ ሰርግ ቤት ስገባ ቦታ የሚለቀቅልኝ ሴት ነኝ። ያን ዕለት ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ከበሮው ሲል እነሱ ይረግጣሉ፣ የእኔ እግር ደግሞ እነሱ ሲያነሡ ይወርዳል። አስተካክለዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከእነሱ ጋር ይሄድና መልሶ ይሸሻል። ከበሮው መሃል ሌላ ነገር ያለ ይመስል፣ እግሬን ወደዚያ የሚስበው።

«መምህርት! ያ ምንድን ነው የምትረግጪው?» አለችኝ ሙሉ እየተንከተከተች።

«ፊዚክስ ነው» አልኳት፣ ሁሉም ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

«መጣች!» አሉ አያ ሰይድ።

ከበሮው ቆመ። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው፣ ወንዙ አሸዋ ነው፣ ወፍ እንኳ አልተነሣም። ጓድ ኪሮስ ሽማግሌውን አየ፣ እኔን አየ፣ አርባ ሰው አካፋ ይዞ ዓይኑ እሱ ላይ ነው።

«ጓድ መምህርት፣ ሳጥኑስ ምን አለ?»

ሮጬ አየሁት። ከዚህ በኋላ ያለውን በጥንቃቄ ስሙኝ። ብዕሩ ቀጥ ያለ መስመር ይጽፋል። ቀጥ ያለ! የአህያ ኮቴ የሚጽፈው ሳጥን አሥራ አንድ ልጃገረዶች በከበሮ ሲረግጡ ምንም አልጻፈም። ተበላሽቷል ብዬ መሬቱን በተረከዜ አጥብቄ መታሁ፣ ብዕሩ ቁልጭ ያለች አንዲት ጭረት ጽፎ ተመለሰ። ይሠራል። የእኔን ተረከዝ ከሰማ ያንን ሁሉ ጭፈራ እንዴት አልሰማም?

ጓድ ኪሮስ ይጠብቃል። «የለም» ካልኩት አርባው ሰው ወደ አረሙ ይመለሳል፣ «አለ» ካልኩት ቦዩ ይከፈታል፣ ውሃው ካልመጣ የአያ ሰይድም የእኔም ስም በዚያች መንደር ያበቃል። ሳይንሴ የለም ነው የሚለኝ። እግሬ ግን ገና ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በዚያ በተሳሳተው ምት።

«አለ» አልኩ። «ሳጥኑ ሰምቷል።»

ዋሸሁ። በሕይወቴ በሳይንስ ስም የዋሸሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ፊሽካው ተነፋ። አፈሩ ሲወረወር፣ ቅርንጫፉ ሲጎተት፣ ልጃገረዶቹም በአዲስ ቀሚሳቸው ድንጋይ ሲሸከሙ ማየት ነበር። እኔም ተሸከምኩ። የመጨረሻው የግራር ቅርንጫፍ ክትሩ ላይ ሲወድቅ ከላይ ነፋስ መጣ፣ እርጥብ አፈር የሚሸት፣ ከዚያ ደራሹ ታጥፎ ብቅ አለ፣ ቡናማ፣ ግንድ ያዘለ፣ እየተንከባለለ። ክትሩን ገፋው፣ ክትሩ ቻለው፣ ውሃው ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ገባ። ያኔ የተሰማውን እልልታ እንዴት ልንገራችሁ! ጓድ ኪሮስ ከነዩኒፎርሙ ጭቃው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ፣ አያ ሰይድን በትከሻቸው ተሸከሟቸው፣ ሰው ሁሉ ውሃውን እየተከተለ ወደ ማሳው ሮጠ፣ እየዘፈነ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ።

እኔ ሳጥኔን ላነሣ ብቻዬን ወደ ኋላ ቀረሁ። ፀሐይ ገና አልገባችም። መጀመሪያ ያየሁት ሽቦውን ነው፣ ደራሹ የተቀበረውን ጆሮ ከነአፈሩ ጠርጎ ወስዶታል፣ የተበጠሰው የሽቦ ጫፍ ከገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። መስሚያ የለውም ማለት ነው። ብዕሩ ግን ይጽፍ ነበር።

ጭረት፣ ዝም፣ ጭረት፣ ዝም። ጎንበስ ብዬ እያየሁት ጥቂት ጻፈና ጥቅሉ አለቀ።

ወረቀቱን ወደ ኋላ ፈታሁት። በዓይኔ ቀጥ ብሎ ያየሁት መስመር፣ ጓድ ኪሮስ ሲጠይቀኝ አጎንብሼ ያየሁት፣ ቀጥ ያለ አልነበረም። ጭረቶቹ ከዚያ በፊት ጀምረዋል፣ ልጃገረዶቹ ሳይመጡ፣ እኔና አያ ሰይድ ስንነጋገር ጀምረዋል። ከበሮው የለም፣ ጭፈራው የለም፣ የአርባ ሰው አካፋ የለም፣ ሰማይና ምድር ያናወጠው ደራሽ እንኳ አልተጻፈም። ያለው የአንድ ሰው እግር ነው፣ ከመሃሉ ደግሞ ተረከዜ ያተማት ያቺ አንዲት ጭረት አለች። ለአራት ዓመት ከሁካታ የጠራ ድምፅ ስፈልግ ኖሬ ሳገኘው ጠቅልዬ ጉያዬ ውስጥ ወተፍኩት።

ማሳው ዳር እሳት ተቀጣጥሎ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል። ለአያ ሰይድ እሸት ይዤላቸው ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ አፌን እንዲያዩ ፊቴን ወደ እሳቱ አዞርኩ።

«አያ፣ ምንድን ነው የሰሙት?»

«ጎርፍ መች እሰማለሁ ልጄ፣ ይህ ጆሮ ከተደፈነ ስንት ዘመኑ። በእግሬ ነው።» መሬቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «ልጆቹ ሲጨፍሩ ሁሉም አንድ ላይ ይረግጣሉ። ከዚያ አንዲት እግር በመሃል ትገባለች፣ እነሱ ሲያነሡ እሷ ትረግጣለች። እሷ ከገባች ውሃው ከኋላዋ ነው። ዝም ባለ ቦታ ግን ከምን ለይቼ ላውቃት?»

«የማን እግር ናት?»

«ወላሂ አላውቅም። አባቴም አላወቀ።»

«ዛሬስ የገባችው የት ጋ ነበር?»

እሸታቸውን ነክሰው አላመጡ፣ ዓይናቸው ሳቀ። «ካንች አጠገብ ነበረች እንጂ። አላወቅሽም? አብረሻት ስትረግጪ አልነበር?» ፊቴ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «አብሽሪ፣ ክፉ ሠርታ አታውቅም። ሰው ሲደሰት ደስ ይላታል፣ ያ ነው።»

ያን ዕለት ተመልሼ ጨፈርኩ፣ አምናችሁ ስሙኝ፣ ፍርሃቱም ጭቃውም ሳይለቀኝ ጨፈርኩ፣ በዚያ ዓመት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ ብለው ኋላ ላኩልኝ፣ እኔም ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ወረቀቱን ያየው አማካሪዬ ግን መነጽሩን አውልቆ «እንዲህ የጠራ መዝገብ የለም፣ ሁካታው የታለ? በእጅሽ ነው የሳልሽው» አለኝ። አልተከራከርኩም፣ ጥናቴን በሌላ ጥቅል ጨረስኩ። ሁካታ ደካማውን ድምፅ ሊያጎላው እንደሚችል በትምህርቱ ዓለም በሰፊው መወራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ባነበብኩት ቁጥር አያ ሰይድ ትዝ ይሉኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ከሰዓት ሥራ ፈትቼ ያንን ወረቀት አወጣሁና ጭረቶቹን በማስመሪያ ለካኋቸው። ይህ ቀላል ነገር ነው፣ ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተምሬዋለሁ፣ ኮቴ ሲቀርብ ጭረቱ ይረዝማል፣ ሲርቅ ያጥራል፣ የመጣም ሰው የሄደም ሰው ወረቀቱ ላይ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ጭረቷ የዓይን ሽፋሽፍት ታህላለች። ልጃገረዶቹ በመጡበት ሰዓት ጥፍር ታክላለች። ደራሹ ሲያልፍ የጣቴን ግማሽ አከለች። ውሃው ካለፈ በኋላ የምታጥርበትን ቦታ ፈለግሁ፣ አለፍ ስል ይመጣል እያልኩ እስከ ጫፉ ድረስ ለካሁ። የምታጥርበት ቦታ የለም። ጥቅሉ እስኪያልቅ እየረዘመች ነው የሄደችው፣ ጥቅሉ ሲያልቅ ደግሞ ከሳጥኑ አጠገብ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።